አለቃ የሚታመነው ከእሳቱ በፊት ነው
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)

በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ነገር ስለ እሳት አደጋ ነው። ይሁን እንጂ እሳት እንዴት እንደሚነሣና በምን እንደሚጠፋ ለማስተማር አይደለም፤ ይህ የባለሙያዎቹ ፈንታ ነው። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዕድሜያቸውን ከእሳት ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰዎች ስለ አለቅነት ያስተማሩትን ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ፣ «እኛ ከወረቀትና ከማኅተም ጋር የምንውል የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነን፤ የእሳት አጥፊ ሹም ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። በመሥሪያ ቤት አንድ ትእዛዝ የሚበጅ ይሁን ወይም የሚጎዳ የሚታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ሳይታወቅ ይቀራል። በእሳት ፊት ግን የአለቃው ችሎታም ስንፍናም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገለጣል፤ ዋጋውም የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ አለቅነት ምን እንደ ሆነ አጥርቶ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከእሳት አጥፊዎች ዘንድ ብዙ ትምህርት ያገኛል።

በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ1800 ዓመት በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ጄምስ ብሬድዉድ የሚባል ሰው ተወለደ። አባቱ የእንጨትና የቤት ሥራ ባለሙያ ስለ ነበረ ልጁም ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ይህንኑ ሙያ በአባቱ እጅ ሥር ሆኖ ለመደ። ግድግዳ በምን ጸንቶ እንደሚቆም፣ ወለል በምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ጣራ እንዴት እንደሚያያዝ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን እሳት የማጥፋት ሥራ በየኢንሹራንስ ኩባንያው ተከፋፍሎ የተያዘ ነበረ። በ1824 ኤዲንብራ ይህን ሥራ በአንድ አዛዥ ሥር ለማዋል አንድ ጓድ ስታቋቁም፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት የነበረውን ብሬድዉድን አዛዥ አድርጋ ሾመችው።

ሹመቱን ከተቀበለ ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳያልፉ፣ በኖቬምበር ወር 1824፣ በከተማው መካከል ታላቅ እሳት ተነሣ። እሳቱ ለቀናት ነደደ፤ በአሮጌው ከተማ ተደራርበው የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች ወደሙ፤ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦች ያለ መጠለያ ቀሩ። ከቃጠሎው በኋላ ነገሩ ሲመረመር ከጕዳቱ ምክንያቶች አንዱ የውሃ ወይም የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን የአዛዥ መብዛት መሆኑ ታወቀ። የከተማው ሹማምንት፣ ዳኞችና ሌሎችም ታላላቅ ሰዎች ከስፍራው ደርሰው እያንዳንዳቸው የመሰላቸውን ያዝዙ ነበር። አንዱ «ውሃውን ወደዚህ አምጡ» ሲል ሌላው «ወደዚያ ውሰዱ» ይላል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሁሉንም ሊያከብር ሲል አንዱንም ሳይፈጽም ይቀራል። ገና በቅጡ ያልሠለጠነው አዲስ ጓድም በዚህ መካከል ግራ ገባው።

ኤዲንብራ ከዚህ መከራ ተምራ እሳት በተነሣበት ስፍራ ማዘዝ የሚገባው የእሳት አጥፊዎቹ አዛዥ ብቻ እንዲሆን አደረገች። ይህ ለእኛም የሚጠቅም ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ጕዳይ ሲበላሽ «ማን አጠፋ?» ብለን እንጠይቃለን። ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ «ይህን ሥራ የማዘዝ ሥልጣን ለማን ተሰጥቶ ነበር?» የሚለው ነው። ሥልጣኑ ለሦስት ሰው የተከፋፈለ እንደ ሆነ ኀላፊነቱ የማንም አይደለም።

ይሁን እንጂ አድማጮች ሆይ፤ ሥልጣን በወረቀት ተጽፎ ስለ ተሰጠ ብቻ ሰው ከልቡ ይታዘዛል ማለት አይደለም። ብሬድዉድም ይህን ዐውቆ ሥራውን የጀመረው እሳት በሌለበት ቀን ነው።

ከሁሉ በፊት ሰዎቹን በጥንቃቄ መረጠ። ለጓዱ የሚቀጥራቸው በየሙያቸው ሥራ የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ጣራ ከዳኝ የሆነው ከፍታ ስለማያስፈራው ጣራ ለጣራ ለመሄድ ይችላል። አናጢውና ግንበኛው ቤቱን አይተው ይወድቅ አይወድቅ እንደ ሆነ ሊፈርዱ ይችላሉ። ቀጥቃጩም ሙቀትና ጢስ የለመደ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ አለቃ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰው እንዲሆኑለት አልፈለገም፤ እያንዳንዱ ከሌላው የሚለይበትን ዕውቀት ለአንድ ዓላማ አሰለፈው እንጂ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

ከዚህም በኋላ ሰዎቹን በየሳምንቱ ያሠለጥናቸው ነበር። የልምምዱም ጊዜ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ነበረ። ይህ ሰዓት የተመረጠው ሰዎቹን ለማስጨነቅ አልነበረም። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ያለ ስለ ሆነ ከተመልካች ግርግር ይድናሉ፤ ከዚህም የበለጠው ምክንያት ደግሞ በጨለማ መሥራትን እንዲለምዱ ነው። ቱቦውን ከቱቦ፣ መሰላሉን ከመሰላል በዳበሳ ማጋጠም የለመደ እጅ እሳቱ በመጣ ቀን አይንቀጠቀጥም። ብሬድዉድ ይህን ሁሉ ዕውቀቱን በ1830 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። የመሣሪያው አሠራር፣ የሰዎቹ ሥልጠናና በእሳት ጊዜ የሚደረገው ሁሉ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ተጻፈ ከእርሱ የሚማር ሰው ኤዲንብራ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም። ዕውቀቱን ደብቆ «ያለ እኔ ሥራው አይሆንም» ማሰኘትን የመረጠ አለቃ አልነበረም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ከእርሱ በፊት የነበሩት እሳት አጥፊዎች መንገድ ላይ ቆመው ውሃውን ከሩቅ ወደ መስኮትና ወደ ጣራ ይረጩ ነበር። ብዙው ውሃ ግድግዳውን አጥቦ ይቀራል እንጂ የእሳቱን መነሻ አያገኘውም። ብሬድዉድ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ውሃውን በእሳቱ ሥር ላይ ማድረግን ሥርዓት አደረገ። በጢስ ውስጥ ጎንበስ ብለው ወይም በጕልበታቸው ተንበርክከው እንዲሄዱ አስተማራቸው፤ ንጹሑ አየር ከወለሉ አጠገብ ይቀራልና። ደግሞም አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲያነሣው ሁለት ሁለት እየሆኑ እንዲገቡ አደረገ።

ሰውን «ግባ» ማለት ቀላል ነው። የሚነድ ቤት ውስጥ ግባ ሲባል ግን ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የአዛዡን ፊት ነው። ስለ ብሬድዉድ ከሚነገረው ታሪክ አንዱ ይህ ነው። በኤዲንብራ ሳለ የብረታ ብረት ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ተቃጠለ፤ በውስጡም ባሩድ እንዳለ ተነገረው። ባሩዱ እሳት ቢነካው አካባቢው ሁሉ የሚጠፋ ነበረ። ብሬድዉድ ማንንም አላዘዘም። ራሱ ገብቶ አንዱን በርሜል አወጣ፤ ዳግመኛም ተመልሶ ሁለተኛውን አወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ግቡ» ሲላቸው ሰዎቹ ቃሉን የሚመዝኑት በዚህ ሚዛን ነበረ።

በ1832 ለንደን ጠራችው። በጃንዋሪ 1833 አሥር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጓዶቻቸውን በአንድነት ደምረው ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎች ያሉበት አንድ ድርጅት አቋቁመው ነበርና የዚህ ድርጅት አዛዥ ሆነ። በዚያ ደግሞ መርከበኞችን መቅጠር ወደደ፤ መርከበኛ ሌሊትና ቀን ተራ መጠበቅን፣ ሳይታሰብ መነሣትንና ትእዛዝን ሳያመነታ መፈጸምን ያውቃልና።

በኦክቶበር 16 ቀን 1834 የብሪታንያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ያሉበት የዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። ይህ ሕንፃ በኩባንያዎቹ ዘንድ ኢንሹራንስ ያልተገባለት ስለ ነበረ የብሬድዉድ ጓድ የመሄድ ግዴታ አልነበረበትም። ነገር ግን «ይህ የእኛ ጕዳይ አይደለም» ብሎ አልተቀመጠም፤ ሰዎቹን ይዞ ደረሰ። በደረሰም ጊዜ ምክር ቤቶቹን ለማዳን ጊዜው እንዳለፈ፣ ጥንታዊውን የዌስትሚንስተር አዳራሽ ግን ማዳን እንደሚቻል ተመለከተ። ጕልበቱንም ወደዚያ አዞረ። አዳራሹ ዳነ፤ እስከ ዛሬም ቆሞ ይታያል። የማይድነውን ትቶ የሚድነውን መያዝ ለአለቃ ከባድ ፍርድ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉን አድናለሁ ብሎ ሁሉን ከማጣት ይህ ይሻላል።

አሁን ደግሞ፣ አድማጮች ሆይ፣ ከእንግሊዝ አገር ወጥተን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ይህን የማደርገው ስለ ብሬድዉድ የተናገርሁትን ከተቃራኒው በኩል እንድትመለከቱት ብዬ ነው።

በኦገስት 5 ቀን 1949 በሞንታና ግዛት፣ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ፣ የደን እሳት ለማጥፋት 15 ሰዎች ከአውሮፕላን በፓራሹት ወረዱ፤ በምድርም አንድ ሰው ተጨመረላቸውና 16 ሆኑ። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ ይባላል፤ ብዙ ልምድ ያለው ሰው ነበረ። እሳቱ ሳይታሰብ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣባቸው። ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ሳሩም የደረቀ ስለ ነበረ እሳቱ ከሰው እግር ይልቅ ይፈጥን ነበር። ዶጅም ሰዎቹ ከባዱን መሣሪያቸውን እንዲጥሉ አዘዘ። ቀጥሎም ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ፤ ክብሪት አውጥቶ ከፊቱ ያለውን ሳር ለኰሰ። ሳሩ ነዶ ሲያልቅ በአመዱ ላይ ተኝቶ ሰዎቹ ወደ እርሱ እንዲገቡ ጠራቸው። ሐሳቡ፣ የሚያባርራቸው እሳት ከዚያ ሲደርስ የሚበላው ነገር አጥቶ በጎን ያልፋል የሚል ነበረ።

ሐሳቡ ትክክል ነበረ፤ ዶጅም በዚሁ ዘዴ ያለ ጕዳት ዳነ። ነገር ግን ከሰዎቹ አንድ እንኳ ወደ አመዱ የገባ አልነበረም። ሁሉም እያለፉት ወደ ጫፉ ሮጡ። ሁለቱ በገደሉ መካከል ቀዳዳ አግኝተው ዳኑ፤ 13ቱ ሞቱ።

ስለምን አልሰሙትም? ሰዎቹ ሰነፎች ወይም እንቢተኞች አልነበሩም፤ ወጣቶችና ብርቱዎች ነበሩ። ዶጅም ጥፋተኛ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ያ ቡድን ከዚያ ቀን በፊት በአንድነት ሠርቶ የማያውቅ ስብስብ ነበረ፤ ብዙዎቹም አለቃቸውን በሥራ ላይ አያውቁትም። የሠራውን ዘዴ ደግሞ ማንም አስቀድሞ አላስተማራቸውም። እሳት ከኋላው እየመጣ ሳለ አለቃው ሌላ እሳት ሲለኵስ ያየ ሰው ምን ያስብ? ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። አንድ ሰው የማይገባውን ትእዛዝ ሊፈጽም የሚችለው አዛዡን የሚያምን እንደ ሆነ ነው። እምነት ደግሞ በአንድ ደቂቃ የሚበቅል ዘር አይደለም። ዶጅ በዚያች ሰዓት ዕውቀት አላነሰውም፤ ያነሰው ከሰዎቹ ጋር አስቀድሞ ያሳለፈው ጊዜ ነው።

ከዚህና ከሌሎች ሰው ከጨረሱ ቃጠሎዎች በኋላ የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1957 ለእሳት አጥፊዎቹ አሥር ቋሚ ትእዛዞችን አወጣ። ከእነርሱም አንዱ አለቃ ትእዛዙን ግልጽ አድርጎ እንዲሰጥና ሰዎቹ መረዳታቸውን እንዲያረጋግጥ የሚያዝ ነው። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ነው። በየመሥሪያ ቤታችን «ነግሬዋለሁ» ማለት «ተረድቶልኛል» ማለት የሚመስለን ስንቶች ነን?

እንግዲህ ወደ ብሬድዉድ እንመለስና መጨረሻውን እንይ። በለንደን ቴምዝ ወንዝ ዳር ታላላቅ መጋዘኖች ነበሩ። ጥጥ፣ ቃጫ፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ሞራና ሌላም ቶሎ የሚነድ ዕቃ ይከማችባቸዋል። ብሬድዉድ እንዲህ ያለ ስፋት ያለው መጋዘን አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ጓዱ በሙሉ ቢሰለፍ ሊያጠፋው እንደማይችል ለሚመለከታቸው ሁሉ አስጠንቅቆ ነበር። ለአለቃ ወደ ታች ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም እውነቱን መናገር ግዴታው ነውና ይህን ፈጸመ። ሰሚ ግን አላገኘም።

በጁን 22 ቀን 1861 በቱሊ ስትሪት ያሉት መጋዘኖች ተቃጠሉ። እሳት ከክፍል ወደ ክፍል እንዳያልፍ የተሠሩት የብረት መዝጊያዎች ክፍት ሆነው ተገኙ። ብሬድዉድ የ60 ዓመት ሰው ነበረ። ሰዎቹ በሙቀቱና በድካሙ ዝለው ስለ ነበረ በመካከላቸው እየተዘዋወረ መጠጥ ያድላቸውና ያበረታታቸው ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ታላቅ ግንብ ተንዶ ወደቀበትና እዚያው ሞተ። እሳቱ ለሁለት ሳምንት ነደደ፤ ሥጋውንም ከፍርስራሹ ለማውጣት ቀናት ፈጀ። የቀብሩ ዕለት አጃቢው ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሞልቶ ነበር።

አንዳንድ ሰው፣ «አዛዥ ከእሳቱ ይህን ያህል መቅረብ አልነበረበትም፤ ሩቅ ቆሞ ቢመራ ይሻል ነበር» ይል ይሆናል። ይህ ያለ ምክንያት የሚነገር አይደለም፤ አዛዡን ያጣ ጓድ ሊበተን ይችላልና። ነገር ግን የብሬድዉድ ጓድ አልተበተነም። አለቃቸው ከግንቡ በታች ሳለ ሰዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እያንዳንዱ ስፍራውንና ተግባሩን ያውቅ ነበርና። ለ37 ዓመታት፣ ኤዲንብራ ከዚያም ለንደን፣ ያሠለጠነው ሁሉ ያን ቀን ያለ እርሱ ቆሞ ታየ። እኔ እንደሚመስለኝ የአንድ አለቃ እውነተኛ ምስክር ወረቀት ይህ ነው፤ እርሱ ባለበት ቀን የሚሠራው ሳይሆን፣ እርሱ በሌለበት ቀን ሥራው የሚቀጥል መሆኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል። እርሱ በሕይወት ሳለ ያልሰሙት፣ ከሞተ በኋላ ሰሙት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ኩባንያዎቹ ይህን የሚያህል ኀላፊነት ከእንግዲህ ለብቻቸው መሸከም እንደማይችሉ አስታወቁ፤ በ1865 ሕግ ወጣ፤ በ1866 መጀመሪያም ለንደን በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር የእሳት አጥፊዎች ጓድ አገኘች። በብሬድዉድ ስፍራ የተተካው ኤር ማሲ ሾውም የእርሱን ሥራ አስፋፋ። ኤዲንብራም በ2008 ሐውልት አቆመችለት።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ በየመሥሪያ ቤታችን ጢስ አይታይም፤ ግንብም አይወድቅብንም። ነገር ግን የእኛም ሥራ የራሱ የእሳት ቀን አለው። ድንገት አስቸኳይ ጕዳይ ይመጣል፤ ወረርሽኝ ይነሣል፤ ጎርፍ ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላል፤ ሒሳቡ በአንድ ሌሊት ተጣርቶ እንዲቀርብ ይታዘዛል። በዚያች ቀን አለቃው ዐይኑን ቢያፈጥና ድምፁን ከፍ ቢያደርግ፣ ባለፈው ዓመት ስሙን እንኳ ጠይቆት የማያውቀው ጸሐፊ በድንገት እንዴት ይመነው? መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ጕዳዩ በማን እጅ እንዳለ፣ ባለሙያው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ሳያውቅ «ፍጠኑ» ማለት ከመንገድ ዳር ቆሞ ውሃን ወደ ግድግዳ እንደ መርጨት ነው።

ስለዚህ አለቃ የሆናችሁ፣ የነገውን አደጋ የምታሸንፉት ዛሬ ጸጥ ባለው ቀን መሆኑን አትርሱ። ከበታቻችሁ ያለው ሰው የሚያውቀውን ሥራ ጠይቃችሁ ተረዱ፤ የምታውቁትንም አትንፈጉት። ትእዛዝ ስትሰጡ በአንድ አፍ ይሁን፤ መረዳቱንም አረጋግጡ። ከባዱን ሸክም በሌላው ጫንቃ ላይ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ራሳችሁ አንሡት። የሚያሰጋ ነገር ስታዩ፣ ባይሰሟችሁም እንኳ፣ ለበላዮቻችሁ ሳትፈሩ ጽፋችሁ አስታውቁ። ገና አለቃ ያልሆናችሁም ይህን አሁን ብትለምዱ ሹመቱ ሲመጣ አያደናግራችሁም።

የአለቃ ቃል በእሳት ፊት የሚሰማው እሳት ባልነበረበት ቀን ታምኖ እንደ ሆነ ነው።